ስምንት ዓመት በር ጠብቄ ለወንድሜ ተያዥ መሆን አልቻልኩም

የገርጂው ጥበቃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ሆዴ አልችል ስላለ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ባለፈው ወር አንድ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ሊቀጥረው ተስማማ። ፈተናውን አለፈ። ቃለ መጠይቁንም አለፈ። የቀረው ተያዥ ማቅረብ ብቻ ነበር። ወረቀቱ «ቋሚ ሥራ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ ማጻፍ የሚችል» ይላል። እናታችን እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን። አባታችን በሕይወት የለም። በቤታችን ደመወዝተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ «አታስብ፣ እኔ አለሁልህ» አልኩት።

እኔ ጥበቃ ነኝ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስምንት ዓመት ቆሜያለሁ። ሥራ አስኪያጁ በስሜ ይጠራኛል። የትኛው መኪና የማን እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ። አንድ ሌሊት ቧንቧ ፈንድቶ መጋዘኑ በውሃ ሲሞላ ካርቶኖቹን በጀርባዬ እየተሸከምኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ደብዳቤ ጠየቅኩ። ልጅቷ ጥሩ ሰው ናት፣ ሁልጊዜ ሰላም ትለኛለች። ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም። ስምህ እዚህ የለም» አለችኝ። ወደ ኤጀንሲው ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «እኛ ጋ የገባኸው ከሰባት ወር በፊት ነው። ውልህም የአንድ ዓመት ነው። ለኮንትራት ሠራተኛ የዋስትና ደብዳቤ አንጽፍም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ኤጀንሲ ተቀያይሯል። በሩ ግን ያው በር ነው፣ እኔም ያው ሰው ነኝ። ጨረታ ይወጣል፣ አዲስ ኤጀንሲ ያሸንፋል፣ የድሮውን ዩኒፎርም አስወልቆ የራሱን ያለብሰናል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አዲስ ገቢ እንባላለን። የዓመት ፈቃዱም አገልግሎቱም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት የሠራተኞች ሰርቪስ ሲገባ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ማታም ሲወጣ እንዲሁ። አንድ ማታ ተረኛው ተክቶኝ ስወጣ ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ሹፌሩ ቆሞ «ግባ እንጂ» አለኝ። ገባሁ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከውሃው የተነሳ ወንበሩን እንዳላበላሽ ጫፉ ላይ። በማግስቱ ለሹፌሩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። ሰርቪሱ ለሠራተኛ ብቻ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰርቪሱ ሲመጣ ሹፌሩ ዓይኔን አያየኝም። እኔም አላየውም።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር ሕጉ ይፈቅዳል? የእናንተስ ነገር እንዴት ነው?

ጽጌ ሳሪስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

ወንድሜ አይዞህ። እኔ ጽዳት ነኝ፣ በኤጀንሲ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው።

አንተ ስለ ሰርቪስ አወራህ፣ እኔ ስለ ምሳ ልንገርህ። የመሥሪያ ቤቱ ክበብ በቅናሽ ነው የሚያበላው። እኛ ግን ኩፖን የለንም። ምሳ ዕቃችንን ይዘን ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ የምናስቀምጥበት ቦታ እንበላለን። ክበቡን ጠዋትና ከሰዓት የማጸዳው እኔ ነኝ። ጠረጴዛውን እወለውላለሁ፣ አልቀመጥበትም።

የባሰው ግን ከግቢው ውጭ ያለው ነው። በሰፈራችን ዕቁብ ልገባ ጠየቅኩ። ዳኛው የሚያውቁኝ አባት ናቸው። «ልጄ፣ እንድትገቢ እንፈልጋለን፣ ግን ዕጣ ቢወጣልሽም የምትወስጂው መጨረሻ ላይ ነው» አሉኝ። ነገ ሥራሽ ቢቋረጥ ማን ይከፍልልናል ማለታቸው ነው። አልፈረድኩባቸውም፣ እውነታቸውን ነው። ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዕቁብ እኮ የድሃ ባንክ ነው። ከእሱም በር ላይ ከተመለስን የት እንሄዳለን?

ከአስተዳደር በኩል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ሁለታችሁንም ከልቤ አዝኜ ነው ያነበብኳችሁ። በአንድ መካከለኛ ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። የሌላውን ወገን ሐሳብ ማንም ካልተናገረ ውይይቱ ይጎድላል ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛ ጥበቃና ጽዳት ወደ ኤጀንሲ የሰጠነው ሰው ለመበደል አይደለም። ሥራችን ጨርቅ ማስመጣት ነው። የውጭ ምንዛሪ ስናገኝ እንሠራለን፣ ስናጣ ስድስት ወር መጋዘኑ ባዶ ይቀመጣል። ሁሉንም ቋሚ አድርገን ብንይዝ አንዱ መጥፎ ዓመት ድርጅቱን ይዘጋዋል፣ ያኔ 60 ሰው ሥራ ያጣል። ጥበቃ ሲታመም ተተኪ የሚልክ፣ ሌሊት የሚቆጣጠር፣ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቅ አካል ያስፈልገናል። ኤጀንሲ ያንን ይሠራል። ብዙ ሰው ያለ ትምህርት ማስረጃ፣ ከገጠር በመጣ በሳምንቱ ሥራ የሚያገኘውም በኤጀንሲ ነው። አሠሪ መቅጠርም መቀነስም ሲቀለው ነው ለመቅጠር የሚደፍረው። እኔ በዚህ አምናለሁ።

የገርጂው ጥበቃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:52

ጌታዬ፣ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ጨርቅ የሚሸጡ ሠራተኞችን መቀነስ ሊኖር ይችላል፣ ይገባኛል። ግን በር እኮ መጋዘኑ ባዶም ሆነ ሙሉ ይጠበቃል። የእኔ ሥራ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሌሊት ተቋርጦ አያውቅም። የሚቋረጠው የእኔ ስም ነው።

ጠበቃ ዘላለም ነኝ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

የገርጂው ወንድማችን ጥያቄ የሕግ ስለሆነ በሕጉ ልመልስ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ።

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በኤጀንሲ ሠራተኛን ለሌላ ድርጅት ማቅረብ ሕጋዊ ነው። እንዲያውም አገራችን ስለ ግል ኤጀንሲዎች የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ያጸደቀችው በመጋቢት 1991 ዓ.ም ነው፣ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆና። ስለዚህ ኤጀንሲ መኖሩ ራሱ ጥሰት አይደለም። በሕጉ ዓይን አሠሪህ ኤጀንሲው ነው። ይህ ክፉ ዜና ብቻ አይደለም። አሠሪ ከሆነ የአሠሪ ግዴታ ሁሉ አለበት ማለት ነውና።

አንደኛ፣ የውልህ ጉዳይ። «አንድ ዓመት» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። አንቀጽ 9 የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ የሚሆነው በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ሲኖር ነው፤ ወቅታዊ ሥራ፣ ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫናና የመሳሰሉት። በር መጠበቅ የትኛው ነው? ይህንን ጥያቄ ዳኛ ፊት ማንሳት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤው። ማንም አሠሪ «ዋስ እንዲሆን ፈቅደናል» ብሎ እንዲጽፍ ሕጉ አያስገድደውም። ነገር ግን በአንቀጽ 12 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ለኮንትራት አንጽፍም» የሚባል ነገር የለም። ነገ ሂድና በጽሑፍ ጠይቅ፣ የጠየቅክበትን ቅጂ ላይ ማኅተም አስመታ።

ሦስተኛ፣ የኤጀንሲ መቀያየር። እዚህ ላይ ነው ሕጉ ቀዳዳ ያለው። አንቀጽ 23 ድርጅት ሲዋሃድ፣ ሲከፈል ወይም ባለቤቱ ሲቀየር የሠራተኛው ውል አይቋረጥም ይላል። አንድ ኤጀንሲ በጨረታ ተሸንፎ ሌላው ሲተካ ግን እኔ በያዝኳቸው ጉዳዮች ይህ አንቀጽ ለሠራተኛው ሲደርስለት አላየሁም። የሙከራ ጊዜውም እንደገና ይጀምራል። በድሮው አዋጅ 45 ቀን ነበር፣ አሁን 60 የሥራ ቀን ሆኗል። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። አስቡት፣ አንድን በር ሰባት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ሙከራ ላይ ነው የሚባል ሰው።

አንድ ልጠይቅህ ወንድሜ። ያለፉት ሁለት ኤጀንሲዎች ሲለቁ የስንብት ክፍያ ሰጥተውሃል? ሕጉ ክፍያው ይገባል በሚልባቸው ሁኔታዎች ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ እየታከለ ነው የሚሰላው። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድስ ተከፍሎሃል?

የገርጂው ጥበቃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:55

ጠበቃው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንደዚህ አብራርተው እስኪነግሩኝ ድረስ መብት እንዳለኝም አላውቅም ነበር። አንድም ብር አልተከፈለኝም። የመጀመሪያው ኤጀንሲ ሲወጣ አንድ ወረቀት አስፈረሙን። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል። የአዲሱ ዩኒፎርም መኪና ላይ ተጭኖ ቆሞ ነበር። ያልፈረመ አይለብስም ተባለ። ሁላችንም ፈረምን።

ጠበቃ ዘላለም ነኝ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

እንደዚያ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንግዲህ ልንገርህ፣ ለሌሎቹም እንዲጠቅም። ያላግባብ ተሰናበትኩ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር። የመጀመሪያው ኤጀንሲ ጉዳይ አልፎብሃል። የሁለተኛውም ሰባት ወር ሆኖታል ካልክ በአንድ ወር አምልጦሃል። ይህን ስጽፍ ያመኛል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም፣ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ቀኑን ቁጠሩ።

ጡረታህን ግን ሂድና አጣራ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። ኤጀንሲ ቢቀያየርም በጡረታ መለያ ቁጥርህ የተከፈለው ይደመራል። አሥር ዓመት ከሞላህ በጡረታ ዕድሜህ አበል ታገኛለህ። ከደመወዝህ እየተቆረጠ ገቢ ሳይደረግ የቀረ ካለ አሁኑኑ ማወቅ አለብህ።

ብርሃን ከሐይፋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:05

እኔ የምኖረው እስራኤል ነው። የእናቴን ቤት ያያችሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

እናቴ እኤአ በ1991 በግንቦት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በአውሮፕላን በመጣበት ጊዜ ነው የመጣችው። ዕብራይስጥ ሳትችል ትምህርት ቤት ማጽዳት ጀመረች። ትምህርት ቤቱ ግን አልቀጠራትም። የቀጠራት ቀብላን ነው፣ እናንተ ኤጀንሲ የምትሉት። እኛ ልጆች ሆነን ሰኔ ሲመጣ ቤታችን ፀጥ ይል ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ትሰናበታለች። መስከረም ላይ እንደ አዲስ ትቀጠራለች። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት፣ በየዓመቱ አዲስ።

እዚህ አገር ሕግ ወጥቶ ነበር። እኤአ በ2000 በተደረገ ማሻሻያ፣ በቀብላን የመጣ ሠራተኛ አንድ ቦታ ዘጠኝ ወር ከሠራ የዚያ ቦታ ሠራተኛ ይሆናል ተባለ። ተግባራዊ የሆነው ግን በ2008 ነው። ሲጀመር ምን ሆነ? በብዙ ቦታ ስሙ ተቀየረ። «ሰው አቅራቢ አይደለንም፣ አገልግሎት አቅራቢ ነን፤ የምንሸጠው ጽዳት እንጂ ሠራተኛ አይደለም» አሉ። ዘጠኝ ወሩ በዚህ ታለፈ። በየካቲት 2012 የሠራተኛ ማኅበሩ ሂስታድሩት ለእነዚህ ሰዎች ሲል አገሩን ሁሉ ለቀናት አቆመው። ባቡር ቆመ፣ ባንክ ተዘጋ። እናቴ በዜና እያየች «ለእኛ ነው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ለጽዳት ሠራተኛ ተብሎ አገር ሲቆም በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ነገር ተሻሽሏል፣ ሁሉም ግን አልተፈታም።

ክቪዑት የሚባል ቃል አለ እዚህ፣ ቋሚነት ማለት ነው። ቤት ለመግዛት ባንክ ስትሄድ የሚጠይቁህ እሱን ነው። እናቴ አልነበራትም። ስለዚህ የምንኖረው ሌላው ሁሉ ትቶት በሄደ ሰፈር ነበር። ጎረቤታችን፣ የጎረቤታችን ጎረቤት፣ ሁሉም የእኛው ሰው፣ ሁሉም በቀብላን። አንድ ሰፈር እንዴት ብቻውን እንደሚቀር ያየሁት እዚያ ነው። የሥራ ውል ነገር የሰፈር ነገር ይሆናል።

ሹፌሩ ሲያትል | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ብርሃን፣ ስለ ባንኩ ያልሽው እኔንም ነካኝ። እኔ ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ፣ በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ ማለት ነው። እዚህ ከተማ ኤርፖርት መጠበቂያው ላይ ብትቆሙ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ነው የምትሰሙት።

ሥራው ነጻነት አለው፣ አልዋሽም። ልጄን ከትምህርት ቤት አወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስፈልግ እሄዳለሁ። ግን አፓርታማ ልከራይ ስሄድ ፔይ ስታብ፣ የደመወዝ ወረቀት ማለት ነው፣ አምጣ ይሉኛል። ፔይ ስታብ የለኝም። በዓመት አንድ ጊዜ 1099 የሚባል ወረቀት ነው ያለኝ። የሠራሁት ሰዓት ከማንም አያንስም፣ ግን ወረቀቱ «ይህ ሰው የማንም ሠራተኛ አይደለም» ይላል። በመጨረሻ ኮሳይነር፣ የእናንተው ተያዥ ማለት ነው፣ ሆስፒታል የምትሠራ የእህቴ ልጅ ሆነችልኝ። የገርጂው ወንድሜ፣ አየህ? ውቅያኖስ ተሻግሬም ያው ተያዥ ፍለጋ ነው።

እዚህ አንድ ያገዘን ነገር መደራጀት ነው። ሹፌሮች ተደራጅተው እኤአ በ2022 በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ወጣ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በማይልና በደቂቃ ዝቅተኛ ክፍያ አለ፣ የሕመም ፈቃድ ከነክፍያው አለ፣ አካውንትህ ሲዘጋ ይግባኝ የምትልበት ቦታ አለ። አሁንም ተቀጣሪ አይደለንም። ግን ከዚያ በፊት ስልክህን ከፍተህ አካውንትህ ተዘግቶ ታገኘዋለህ፣ የምታናግረው ሰው የለም። አንድ ጓደኛችን መኪናውን በብድር ገዝቶ በሁለተኛው ወር ተዘጋበት። ሰውዬው መሰብሰቢያ ቦታ መምጣት አቆመ። ለቅሶ ላይ እንኳን አጣነው።

ሐዋሳ ነበርኩ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

እኔ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልናገር። ፓርኩ በተከፈተ በሁለት ዓመቱ ነው የገባሁት። ከወንዶ ገነት አካባቢ ነው የመጣሁት። መነሻ ደመወዙ በጊዜው ምንዛሪ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር፣ ይህ በዓለም ዜና ሁሉ ተወርቶበታል። የግል ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለው ነው እንዲያ የሆነው። አራት ሆነን አንድ ክፍል እንከራይ ነበር። ፍራሹ ሁለት ነው። የሌሊት ተረኛዋ ስትመጣ የቀን ተረኛዋ ትነሳለች፣ አንሶላው ሳይቀዘቅዝ።

ወረቀቱ ላይ ቋሚ ነበርን። ግን በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምታስገባበትን የአጎዋ ዕድል ዘጋች። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ብዙዎቻችን ወጣን። ቋሚ የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም ለማለት ነው። ወደ ቤተሰቤ ስመለስ ባዶ እጄን ስለነበርኩ በቀን አልገባሁም። ጨለማ ጠብቄ ነው የገባሁት። አሁን አዲስ አበባ በአንድ ሱቅ እሠራለሁ።

ጽጌ ሳሪስ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:41

ጨለማ ጠብቄ ገባሁ ስትዪ አንጀቴን በላሽው የኔ እህት። እኔም አድርጌዋለሁ።

ተማሪው (ኢኮኖሚክስ) | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ይህን ክር ማታ ማንበብ ጀምሬ እስከ ሌሊት አልተኛሁም። የመመረቂያ ጽሑፌ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

ከአስተዳደር በኩል የጻፉትን ሰው ሐሳብ መጽሐፉም ይለዋል። የሥራ ገበያው ሲላላ አሠሪ ይደፍራል ይባላል። ሁልጊዜ በምሳሌነት የምትጠቀሰው ዴንማርክ ናት። እዚያ ማሰናበት ቀላል ነው። ነገር ግን የተሰናበተ ሰው ለሥራ አጥነት መድን ሲያዋጣ ከቆየ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ አበል ያገኛል። አነስተኛ ደመወዝ ለነበረው አበሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። መንግሥትም ሥልጠና ይሰጠዋል፣ ሥራ እንዲፈልግ ይከታተለዋል። ማለትም መላላቱ የመጣው ከሥሩ መረብ ተዘርግቶ ነው። ጀርመን ደግሞ እኤአ ከ2003 ጀምሮ የኤጀንሲ ሥራን አላላችው፣ በኋላ ግን በ2017 ገደብ መለሰች። በአንድ ቦታ ከ18 ወር በላይ ማቆየት በመርህ ደረጃ ቀረ፣ ከ9 ወር በኋላም ከቋሚው ጋር እኩል ይከፈለው ተባለ።

እኛ የወሰድነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ማሰናበቱን አቀለልነው፣ የሥራ አጥነት አበል የለንም። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ የግል ዘርፍ የደመወዝ ወለል ግን እስካሁን የለም። መረቡ የሆነልን ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ ዘመድና ተያዡ ነው። ጽጌና የገርጂው ወንድማችን የሚነግሩን ደግሞ በኤጀንሲ የሚሠራ ሰው ከዚያ መረብ ውስጥም እየወጣ መሆኑን ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ስሙ የለም፣ በዚህ ምክንያት በሰፈሩ መዝገብ ላይም መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ይህን ነጥብ በማንም ጽሑፍ ውስጥ አላገኘሁትም። ከእናንተ ነው የተማርኩት።

ጠበቃ ዘላለም ነኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

ተማሪው ጥሩ ብለሃል። አንድ ልጨምርበት። በሕጉ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ኤጀንሲ ስንት መቶ ሠራተኛ አለው! ግን ሠራተኞቹ በ40 በር ተበትነዋል። አንዱ ሌላውን አያውቀውም። የመሥሪያ ቤቱ ማኅበር ደግሞ «እናንተ የእኛ አባል መሆን አትችሉም» ይላቸዋል። ኢሠማኮ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ማለት ነው፣ መነሻው ከ1955 ዓ.ም ነው። እነዚህን ሰዎች በየበሩ ሄዶ ማደራጀት ይችላል፣ ማድረግም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከአስተዳደር በኩል | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:25

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ዛሬ ጠዋት የእኛን የጨረታ ሰነድ አውጥቼ አየሁ። 30 ነጥብ ለቴክኒክ፣ 70 ነጥብ ለዋጋ ይላል። ዋጋ ማለት ደግሞ በጥበቃ ሥራ የሰው ደመወዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ወጪ አለው? ኤጀንሲው ዱላና ዩኒፎርም ነው የሚገዛው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፍ ስንል፣ ለሠራተኛው ዝቅተኛ የሚከፍል ያሸንፍ እያልን ነበር። ይህን ሰነድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ኤጀንሲ አያስፈልግም አልልም፣ አሁንም ያስፈልገናል። ግን ለአለቃዬ ሦስት ነገር ጽፌ አስገብቻለሁ። ለጥበቃና ለጽዳት የሚከፈል ደመወዝ ከዚህ በታች አይሁን የሚል ወለል በሰነዱ ይግባ። ኤጀንሲ ሲቀየር ነባሮቹ ሠራተኞች ከነአገልግሎታቸው ይተላለፉ። ክበቡና ሰርቪሱ በግቢው ለሚሠራ ሁሉ ክፍት ይሁን። ሦስተኛው ዛሬውኑ ተፈቅዷል፣ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ይመስለኛል። ሁለቱ ለቦርድ ይቀርባሉ።

ጽጌ፣ የእኛ መሥሪያ ቤት አንቺ የምትሠሪበት አይደለም። ግን የእኛም ጽዳቶች የሚበሉት ከደረጃ ሥር ነበር። ሄጄ አየሁት። ሁለት ዓመት በዚያ ደረጃ ወጥቻለሁ።

ጽጌ ሳሪስ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:02

እግዚአብሔር ያክብርዎት። እውነት ነው የምልዎ። የተፈቀደላቸው ቀን የመጀመሪያው ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብዳቸዋል። እርስዎ አብረዋቸው ይቀመጡ።

የገርጂው ጥበቃ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:30

የሆነውን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል።

ጠበቃው እንዳሉኝ ኤጀንሲው ጋ በጽሑፍ ጠየቅኩ። አንቀጽ 12 ብዬ ጻፍኩበት። መዝገብ ቤቷ ወስዳ አሳየቻቸው፣ በሁለተኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ። ሥራዬን፣ ደመወዜንና የሰባት ወሩን አገልግሎት ይላል። ስምንት ዓመቱን አይልም፣ ግን ስሜ ያለበት ወረቀት ነው። ጡረታውንም አጣራሁ። የመጀመሪያው ኤጀንሲ ሦስት ዓመት ሙሉ ገቢ አድርጓል። የሁለተኛው አሥራ አንድ ወር ይጎድላል። ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ደብዳቤውን ለወንድሜ ቀጣሪ አቀረብን። «ኮንትራት ስለሆነ አንቀበልም» አሉ። ወንድሜ ምንም አላለኝም። መንገድ ላይ ዝም ብለን ሄድን።

ማታ እናቴ ለጎረቤታችን ለመምህሩ ነገረቻቸው። ለሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቡና ሳይጨርሱ ተነሱ። «ልጁን እኔ አይደለሁም ፊደል ያስቆጠርኩት?» አሉ። ትናንት ከትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ አጽፈው መጡና ፈረሙለት። ወንድሜ ሰኞ ሥራ ይጀምራል።

ሲፈርሙ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ፎርሙ ላይ «የተያዡ ዝምድና» የሚል ቦታ አለ። መምህሩ ትንሽ አሰቡና «ጎረቤት» ብለው ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝና «አንተም እዚህ ጋ በምስክርነት ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ። ለምስክርነት ደብዳቤ አይጠየቅም።